ባዶው አራት ቤት

ስታሜንካ ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ ባዶ መደርደሪያ ስትጠብቅ ኖረች። የሞላ መደርደሪያማ ማንም ይጠብቃል። መከራው ባዶውን ከሰው እጅ ማዳን ነው፤ ክፍት ቦታ ያየ ሰው የሆነ ነገር ካላስቀመጠበት እንቅልፍ አይወስደውም።

መደርደሪያው ያለው በቲሞክ ወንዝ ዳር በምትገኘው በቭርባ ከተማ ቤተ መጻሕፍት፣ በሕፃናት ክፍሉ ውስጥ ነው። ክፍሉ ከታች ሆኖ አደባባዩን ፊት ለፊት ያያል። ሦስት ትልልቅ መስኮቶች፣ በየክረምቱ የሚያጨስ አንድ ምድጃ፣ ከዜሮ እስከ ዘጠኝ የተቆጠሩ አሥር መደርደሪያዎችና አንዲት ስታሜንካ አሉት። ስታሜንካ ቁመቷ ከአምስተኛ ክፍል ተማሪ አይዘልም። ባሏ ከመዳብ ማዕድኑ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ሞተባት፤ ልጅ አልወለደችም። ቢሆንም በከተማዋ ውስጥ ከስድስት ዓመት እስከ አርባ ዓመት ያለ፣ እሷ አንድ ቀን ያላስተማረችውና ያልተቆጣችው ሰው አይገኝም።

ትምህርት በተከፈተ በሁለተኛው ሳምንት የአንደኛ ክፍል ልጆች ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ይመጣሉ። ሌላ አስተማሪ ቢሆን ሰሌዳ ላይ "ዜሮ ጠቅላላ ዕውቀት፣ አንድ ፍልስፍና" እያለ ይጽፍና ልጆቹን ያስተኛቸዋል። ስታሜንካ ግን ከመሳቢያዋ አንድ ጆሮ የጎደለው የእንጨት ፈረስ ታወጣና ጠረጴዛው ላይ ታቆመዋለች።

"ይኼ ፈረስ የት ይኖራል?"

"በረት!"

"ሜዳ!"

"አያቴ ጋ!"

"እዚህ ክፍል ውስጥ ማለቴ ነው፣ እናንተ ቀውሶች። እነዚህ መደርደሪያዎች ቤቶች ናቸው። ከዜሮ ቤት እስከ ዘጠኝ ቤት። ፈረሱን የትኛው ቤት ላስገባው?"

ልጆቹ መደርደሪያዎቹን በዓይናቸው ይቃኛሉ። ከዚያ እሷ አንድ በአንድ ትጠይቃለች። ፈረስ ስንት ጥርስ አለው? ዱር ሳለ ምን ይበላ ነበር? ይህን ማወቅ የፈለገ ወደ አምስት ቤት ይሂድ፤ የተፈጥሮ ቤት ነው። ፈረስ እንዴት ይቀለባል? ኮቴው ላይ ብረት እንዴት ይመታል? እሱ ስድስት ቤት ነው፤ ሐኪሙም፣ ገበሬውም፣ ወጥ ቤቷም ያሉበት የሥራ ቤት። እሽቅድምድሙ ሰባት ቤት፣ ከኳሱና ከሥዕሉ ጋር። ስለ ፈረስ የተገጠመው ግጥም ስምንት ቤት። ፈረስ ላይ ተቀምጦ የዘመተው ንጉሥ ዘጠኝ ቤት።

"እንዴ!" ይላል ከመካከላቸው አንዱ። "ስንት ቤት አለው ታዲያ ይኼ ፈረስ?"

"ፈረሱ ቤት የለውም። ቤት ያለው ጥያቄው ነው። መጽሐፍ የሚቀመጠው በስሙ አይደለም፤ በሚመልሰው ጥያቄ ነው። መጽሐፍ ፍለጋ ስትመጡ መጀመሪያ ምን ማወቅ እንደምትፈልጉ እወቁ። እሱን ሳታውቁ ከመጣችሁ ዳቦ ቤት ሂዱ፣ እዚያ በጣት ማሳየት ይበቃል።"

ይህን ስትል ልጆቹ ይስቃሉ። ሳቁ ሳያባራ ግን በየዓመቱ አንድ ቆጣሪ ይነሳል። ዘንድሮ ያጎዳ የምትባል፣ የፊት ጥርሷ የወለቀ ልጅ ነበረች። ጣቷን ዘርግታ መደርደሪያዎቹን ቆጠረችና ቆመች።

"እትዬ ስታሜንካ፣ አራት ቤት ሰው የለውም።"

"የለውም።"

"ለምን?"

"እስካሁን ማንም ያላሰበው ዕውቀት ሲመጣ ማደሪያ እንዳያጣ ነው።"

"መቼ ነው የሚመጣው?"

"እኔ ምኑን አውቄ! ምናልባት አንቺ ታመጪዋለሽ። እስከዚያ ግን ማንም ምንም አያስቀምጥበትም። ቦርሳም፣ ኮፍያም፣ የተነከሰ ቡሬክም።" የመጨረሻውን ያለችው በኋላ ወንበር ሆኖ ያን አይብ የተሞላ ቂጣ በድብቅ የሚያኝከውን ልጅ እያየች ነው።

ነገሩ ከእሷ የመነጨ ተረት እንዳይመስላችሁ። ስታሜንካ ሥራ በጀመረችበት ክረምት አራት ቤት የቋንቋ ቤት ነበር፤ መዝገበ ቃላቱና ሰዋስዉ ሁሉ እዚያ ነበር የሚታጨቀው። ከዕለታት አንድ ቀን ከዋናው ከተማ ደብዳቤ መጣ። ቋንቋ ወደ ስምንት ቤት ይዛወር፣ ከሥነ ጽሑፍ ጋር ይኑር፤ አራት ለወደፊቱ ክፍት ይሁን ይላል። ሽማግሌው አለቃዋ ደብዳቤውን አንብበው "እሺ፣ አበባ እናስቀምጥበታለን" አሉ። እሷ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ያን ሁሉ መጽሐፍ በክንዷ ተሸክማ ስታዛውር የዋለችው እሷ ናት። በዓለም ላይ ያለውን ዕውቀት ሁሉ ቆጥረው የደለደሉ ሰዎች "ያላወቅነው ነገር ሊኖር ይችላል" ብለው አንድ ቤት ሙሉ መተዋቸውን ስታስብ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ በፊት እንዲህ ራሱን ዝቅ ያደረገ ሹም አላየችም። "አበባው መስኮቱ ላይ ይሁን" አለች። አለቃዋም ገረማቸውና መስኮቱ ላይ አስቀመጡት።

ከዚያ ወዲህ አገሩ ሲገለባበጥ ሁሉም የየዘመኑን ዕቃ ይዞ ወደ አራት ቤት መጣ። መጀመሪያ የመሪውን የነሐስ ጭንቅላት ያመጡ ነበሩ። "የእሳቸው ነገር ሦስት ቤት ነው፣ መንግሥትና ሕግ ጋ። ሲሞቱ ዘጠኝ ቤት ይገባሉ፣ ታሪክ ጋ" አለቻቸውና ለዚህ አፏ የስድስት ወር ደረጃ ዕድገት ቀረባት። ቀጥሎ ዘመኑ ዞረና ሥዕለ ቅዱሳን የያዙ መጡ። "ሁለት ቤት" አለች። በጦርነቱ ዓመታት ባንዲራና የዘማች ፎቶ ይዘው መጡ፤ የዚያን ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እነዚህን ልጆች ዘጠኝ ቤት እንዳላስገባቸው ተዉአቸው፣ በሕይወት ይመለሱ" አለች። ከዚያ የፓርቲ በራሪ ወረቀት መጣ። ከዚያ የሞባይል ቀፎ ማስታወቂያ መጣ። ሁሉንም ከነወሬው መለሰችው፤ አራት ቤትም ባዶውን ቀረ።

አሁን ጡረታዋ ሰባት ወር ቀርቶታል። የሚያበሳጫት ጡረታው አይደለም። እሷ ስትወጣ በማግስቱ እዚያ ላይ የሚቀመጠውን የአበባ ማስቀመጫ በዓይነ ኅሊናዋ እያየች ነው የምትቃጠለው። ግን ከዚያ የባሰ መጣ።

ምክትል ከንቲባው ሉቦድራግ የሚባል፣ ክራቫቱን ከአንገቱ የማያወልቅ የቭርባ ልጅ ነው። አንድ የስፖርት ውርርድ ድርጅት አደባባዩ ላይ ቤት ይፈልጋል፤ ሉቦድራግ ደግሞ እነዚያን ሦስት መስኮቶች አይቷቸዋል። የሕፃናት ክፍሉ እንዲሁ በዘፈቀደ አይዘጋም፤ የምክር ቤቱ ድምፅ ያስፈልጋል። ምክር ቤቱ ድምፅ እንዲሰጥ ምክንያት ያሻል። ስለዚህ በአንድ የጥቅምት ማለዳ አጣሪ ተላከ፤ የማዘጋጃ ቤቱ የፋይናንስ ሠራተኛ ቲሆሚር።

ቲሆሚር ክፉ ሰው አይደለም። ቀጭን ነው፣ ትክክለኛ ነው፣ ለቤተ መጻሕፍት ግን ፍጹም እንግዳ ነው፤ ያደገው ቭርባ አይደለም፣ የእንጨት ፈረሱንም አላየም። ሦስት ቀን ሙሉ ምሳውን በኪሱ ይዞ እየመጣ እያንዳንዱን መጽሐፍ ቆጠረ። የሰጡት ቅጽ አሥር መስመር አለው። በየመስመሩ "ሊኖር የሚገባ"፣ "ያለ"፣ "የጎደለ" የሚሉ ሦስት ባዶ ሳጥኖች። አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ "ያለ" የሚለው ውስጥ ዜሮ ጻፈ። "ሊኖር የሚገባ" ላይ ተቸገረ። ሳጥን ባዶ መተው በእሱ ሙያ ነውር ነው። አሰበና የሌሎቹን ዘጠኝ ቤቶች ደምሮ ለዘጠኝ አካፈለ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ አገኘ፣ ያንኑ ጻፈ። "የጎደለ" ላይም አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ።

ስታሜንካ ወረቀቱን ባየች ጊዜ መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥሎ አንጀቷ አረረ።

"ቲሆሚር፣ ከጠፉት ከአንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳው መጻሕፍት የአንዱን ርዕስ ንገረኝ።"

"እኔ እሱን አላውቅም።"

"የደራሲውን ስም?"

"ወይዘሮ ስታሜንካ፣ ቅጹ ነው እንጂ እኔ ምን..."

"ቅጹን ማን ሞላው? ድመቴ?"

ስለ አራት ቤት ቁጭ አድርጋ ነገረችው። ቲሆሚር ሲሰማ ጆሮው ቀላ። እውነትም ስህተት መሆኑ ገባው። ወረቀቱን ይዞ ወደ ማዘጋጃ ቤት ሮጠ፣ ከሰዓት በኋላ ግን አንገቱን ደፍቶ ተመለሰ።

"ለምክትል ከንቲባው ነገርኳቸው። 'እንዳለ ይቆይ' አሉ። እርስዎ ቢፈርሙ፣ በክብር ጡረታ ይወጣሉ፣ ክፍሉ ይዘጋል፣ መጻሕፍቱ ላይኛው ኮሪደር ላይ ይደረደራሉ። ካልፈረሙ በመዝረክረክ ይከሰሳሉ፤ ክፍሉ ያው ይዘጋል።"

"አልፈርምም።"

"ገምቼ ነበር" አለ ቲሆሚር። ከዚያ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አንድ ነገር አለ። ስድስት ቤት ስቆጥር የውሰት ካርድ አገኘሁ። የፈረስ አያያዝ መጽሐፍ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ወጥቶ አልተመለሰም። የወሰደው ልጅ ስም ሉቦድራግ ነው። የእሳቸው ነው አይደል?"

"የእሱ ነው።"

"ታዲያ ይኼን ካርድ ምክር ቤቱ ፊት ቢያወጡት እኮ አለቀ! ከተማው ሁሉ ነው የሚስቅባቸው።"

ስታሜንካ ካርዱን ከእጁ ወሰደችና ወደ ቦታው፣ በስድስት ቤት በሁለት መጻሕፍት መሐል መለሰችው። "መጽሐፉ አልጠፋም፤ ሰው ጋ ነው ያለው። ልጅ ሳለ የወሰደውን ዛሬ አንገቱ ላይ አላንጠለጥልበትም። ጠቤ ከጎልማሳው ጋር ነው፣ ከልጁ ጋር አይደለም።"

"እልከኛ ነዎት።"

"አሁን ነው የገባህ?"

የምክር ቤቱ ስብሰባ በአንድ የኅዳር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ተጠራ። ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው ይላል ደንቡ፤ ማንም ግን መጥቶ አያውቅም። ያን ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ስታሜንካ ሃያ ሁለቱን የአንደኛ ክፍል ልጆች ከነወላጆቻቸው ይዛ ገባች። ልጆቹ ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የገቡት። እንዲህ አድርጋ ብታስገባቸው ጊዜ የበሩ ጠባቂ እንኳ ማገድ አፈረ። የምክትል ከንቲባው እናት እማማ ፔትሪያም ከኋላ ተቀምጣለች፤ በየሳምንቱ ሁለት የፍቅር ልቦለድ የምትዋስ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቢዘጋ ምን እንደምታነብ የጨነቃት ሴት ናት።

ቲሆሚር ሪፖርቱን ማንበብ ጀመረ። ድምፁ አይሰማም፤ አራተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ጭራሽ ተዋጠ። ሉቦድራግ ተቀበለው።

"የተከበራችሁ አባላት፣ በአንድ ክፍል ብቻ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ስድሳ መጽሐፍ የለም። አንድም አልተረፈም። ወይዘሮ ስታሜንካን ሁላችንም እናከብራቸዋለን፤ ግን ደክመዋል። ቦታው ለከተማው ጥቅም ቢውል ይሻላል።"

ስታሜንካ ከተቀመጠችበት ተነሳች። ብትነሳም ከፊት ያለው ሰው ስለጋረዳት ወንበሩ ላይ ወጣች።

"እኔ አልናገርም" አለች። "እኔ ደክሜያለሁ ተብሏል። ልጆች! አራት ቤት ምን አለ?"

"ምንም!" አሉ ሃያ ሁለቱ በአንድ አፍ።

"ማን ወሰደው?"

"ማንም!"

"ታዲያ ለምን ባዶ ሆነ?"

እዚህ ላይ አንድነታቸው ፈረሰ፤ ሁሉም በየራሱ ጮኸ። ከሁሉ በላይ የተሰማችው ያጎዳ ነበረች፤ "ገና ላልታሰበው! ገና ላልታሰበው ነው የተቀመጠው!" ከአባላቱ አንዱ ሽማግሌ ሳቁን መቆጣጠር አልቻለም። "ቆይ እስቲ፣ ምክትል ከንቲባው እዚያ ሊከፍቱት ያሰቡት የውርርድ ቤት ነው አሉ። እሱስ የትኛው ቤት ይገባል?" ብሎ ልጆቹን ጠየቀ። ለጨዋታ ነው የጠየቀው፤ እነሱ ግን ቁም ነገር አደረጉት።

"ሰባት ቤት! ጨዋታ ነው!"

"አይደለም፣ አምስት ቤት! አባቴ ዕድል ሒሳብ ነው ብሏል!"

"አባትህ ሁልጊዜ ይበላል እንዴ?"

"አይ፣ ሁልጊዜ ይበላበታል!"

"አንድ ቤት ነው፤ ጥሩና መጥፎ የሚለይበት!"

"ሦስት ቤት! ፖሊስ!"

"የፈለገበት ይግባ" አለች ያጎዳ። "እኛ ክፍል ግን አይገባም።"

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። የዕድል ሒሳብ የሚያውቀው አባት ጫማውን ማየት ጀመረ። ሉቦድራግ ጠረጴዛውን ደበደበ። "ይኼ ምክር ቤት ነው፣ መዋዕለ ሕፃናት አይደለም! ባዶ መደርደሪያ ለወደፊት ዕውቀት ይቀመጣል የሚባል ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም! የተጠያቂነት ማምለጫ ነው!"

"ቆይ፣ ቆይ!" የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። እማማ ፔትሪያ ናት፤ ምርኩዟን ይዛ ብድግ ብላለች። "እኔም ልናገር!"

"እማዬ፣ እባክሽ። ተራ ያዢ።"

"የምን ተራ! አንተን የወለድኩ ቀን ነው ተራዬን የያዝኩት! በሕይወትህ አልሰማህም? አንተ? ስምንት ዓመትህ ሳለ ከቤተ መጻሕፍት መጥተህ፣ ምሳህን አልበላም ብለህ ጠረጴዛ ሥር ገብተህ፣ 'አራት ቤት ብቻውን ነው፣ አራት ቤት ያሳዝናል' እያልክ ስትነፋረቅ ማን ነበር? ባቄላው ቀዘቀዘ! አባትህ በቁጣ ሊገድልህ ነበር! እጅህን ጎትቼ መልሼ ወሰድኩህ። እሷ ወንበር ላይ አቁማህ እጅህን መደርደሪያው ውስጥ አስገብታ 'ዳብሰው' አለችህ። 'ብቻውን አይደለም፣ እናንተን እየጠበቀ ነው' አለችህ። ከዚያ ነው ዝም ያልከው። አሁን በሕይወቴ አልሰማሁም ትላለህ፣ ዓይንህን በጨው አጥበህ!"

  የሉቦድራግ ፊት ከአንገቱ ጀምሮ እየቀላ ወደ ላይ ወጣ።

ቲሆሚር ቀስ ብሎ ጠየቀ። "ባዶ መሆኑን... ያውቁ ነበር ማለት ነው?"

"አላስታውስም" አለ ሉቦድራግ።

"እኔ አስታውሳለሁ!" አለች እናቱ፣ ተቀመጠችም።

ስታሜንካ ያን ጊዜ ደስ አላት ብዬ ብዋሽ ምን ይጠቅማል? ደስ አላላትም። ያንን ከአራት ቤት ጋር አብሮ ያለቀሰ ልጅ ሠላሳ ዓመት ሙሉ በልቧ ይዛው ነበር፤ እንደ እሱ አዝኖለት የሚያውቅ ሌላ ልጅ አልነበረም። ያ ልጅ አድጎ ያደረገውን ሲያደርግ ማየት ከክሱ በላይ አመማት። ግን ወንበሩ ላይ ቆማለች፣ ሥራዋም አላለቀም።

"ቲሆሚር፣ እስክሪብቶ ያዝ" አለች። "አራተኛው መስመር። ሊኖር የሚገባ፦ ዜሮ። ያለ፦ ዜሮ። የጎደለ፦ የለም። እንዲህ ጻፈውና አሁኑኑ እፈርማለሁ።"

ቲሆሚር ማንንም አላየም። የቀድሞውን ቁጥር በማስመሪያ ሰረዘና ከላዩ ጻፈ። እሷም ከወንበሩ ወርዳ ፈረመች። ከሃያ ሰባቱ አባላት አሥራ ዘጠኙ ክፍሉ እንዳይዘጋ እጅ አወጡ። የውርርድ ቤቱ ግን አልቀረም፤ ከገና በፊት ከዳቦ ቤቱ ጎን በነበረው የጫማ ሱቅ ተከፈተ፣ የዕድል ሒሳብ የሚያውቀው አባትም ደንበኛ ሆነ። ዓለም እንዲህ ናት።

ስታሜንካ ከአዳራሹ ስትወጣ ሉቦድራግ በሩ ጋ ብቻውን ቆሞ ነበር። ልታልፈው አሰበችና ቆመች።

"አንድ መጽሐፍ ግን የእውነት ወጥቷል።"

የየትኛውን መጽሐፍ ነገር እንደምታወራ አልጠየቀም። "አያቴ ባዝራ ነበረቻቸው" አለ። "ለእሳቸው ነበር የወሰድኩት። ሲሞቱ... ከእሳቸው ዕቃ ጋር ቀረ።"

"አውቃለሁ። ባዝራዋንም አውቃታለሁ። ሰኞ አምጣው።"

ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ለሁለተኛው ትምህርታቸው ክፍሉ ውስጥ ነበሩ። ሉቦድራግ ቦርሳውን በአንድ እጁ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ በሌላው ይዞ ገባ። ጋዜጣውን ፈትቶ መጽሐፉን ጠረጴዛዋ ላይ ሊያኖር ሲል እጇን ዘርግታ አገደችው።

"እኔ መደርደሪያ ነኝ እንዴ? ቦታው አኑረው።"

"ቁጥሩ ተልጧል፣ እትዬ ስታሜንካ።" እርስዎ ማለቱንና ወይዘሮ ማለቱን መቼ እንደተወው ራሱም አላስተዋለም።

"ቁጥር የለውም እንጂ ጥያቄ አለው። ምን እንደሚመልስ እይና አስገባው።"

ልጆቹ ሥራቸውን ትተው ያዩታል። ሉቦድራግ ወደ መደርደሪያዎቹ ሄደ። ፈረስ እንስሳ ነው ብሎ መሰለኝ አምስት ቤት ፊት ቆመ። ከልጆቹ አንዱ ሳቁን ሲያፍን በአፍንጫው ወጣ።

"አትንገሩት" አለች ስታሜንካ። "ይፈልግ።"

መጽሐፉን ለመግለጥ ሁለት እጅ አስፈለገው። ቦርሳው አስቸገረው። ዞር ዞር ሲል ከአምስት ቤት ጎን አንድ ንጹሕ፣ ባዶ፣ በወገቡ ልክ የሆነ መደርደሪያ አገኘና ሳያስበው ቦርሳውን እዚያ ላይ ቁጭ አደረገው።

ስታሜንካ አፏን ከፈተች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ስትለው የኖረችው ዓረፍተ ነገር ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር።

"አንሳው!" ብለው ሃያ ሁለቱ ልጆች ጮኹ። አንዳንዶቹ ከወንበራቸው ተነስተዋል፤ ያጎዳ ቦርሳው ጋ ደርሳ በሁለት እጇ እየገፋችው ነው። "አራት ቤት ላይ ዕቃ አይቀመጥም! ምክትል ከንቲባም ቢሆን አይቀመጥም! አንሳው!"

ሉቦድራግ ደንግጦ ቦርሳውን አነሳና በብብቱ ሸጎጠው። በተረፈው እጁ መጽሐፉን እንደምንም ገለጠ። በአያቱ አውራ ጣት የጠቆረ ገጽ ነው፤ የባዝራ ኮቴ እንዴት እንደሚሞረድ ይናገራል። ቆሞ አነበበው። ከዚያ አምስት ቤትን ትቶ አንድ እርምጃ ወደ ቀኝ ሄደ።

ስታሜንካ አፏን ዘጋች። የምትጨምረው ነገር አልነበረም።